ጠርሙስ ውስጥ አምሳያ ለመሥራት የትኛው ይሻላል? ከጠርሙሱ እስከ ኮላው

ቤቴ የሚመጣ ሰው መደርደሪያዬ ላይ ያሉትን ጠርሙሶች ሲያይ የሚጠይቀው አንድ ነው። «ይሄ እንዴት ገባ?» መልሱ አጭር ነው፤ በአንገቱ። ጠርሙሱ አልተቆረጠም፣ ታቹም አልተበሳም። ጎጆውም፣ ጀልባውም፣ ቤተ ጊዮርጊስም በዚያች ጠባብ አፍ ነው የገቡት። አንዱ ተጣጥፎ፣ ሌላው ስንጥር በስንጥር።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ግን ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል። «እኔም ልሞክር፣ ምን ልግዛ?» እዚህ ደሴ ላይ ስጀምር ይህን የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም። ብዙ ጠርሙስ አበላሽቼ ነው የገባኝ። ስለዚህ በእጄ ሠርቼ ያየኋቸውን አማራጮች ጎን ለጎን አስቀምጬ የትኛው ለማን እንደሚሆን ልንገራችሁ። የማወራው እዚሁ ደሴና ኮምቦልቻ ስለሚገኝ ዕቃ ነው። ለዚህ ሥራ ተብሎ ውጭ አገር የሚሸጥ መሣሪያ አለ። እኔ አንድም ገዝቼ አላውቅም፤ የጎደለብኝም ነገር የለም።

ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር። የጠርሙሱን አንገት ሳትለኩ ምንም አትግዙ፣ ምንም አትቁረጡ። ሌላው ምርጫ ሁሉ ከዚያ ነው የሚመጣው። አንገቱ የምትሠሩትን ይወስናል፤ የምትሠሩት ነገር አገባቡን ይወስናል፤ አገባቡ ደግሞ መሣሪያውንና ኮላውን። ብዙ ሰው ከመጨረሻው ይጀምራል። መጀመሪያ ኮላ ይገዛል፣ ከዚያ እንጨት ይቆርጣል፣ ጠርሙስ የሚፈልገው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። ያኔ አይገባም።

ጠርሙሱ

መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ብርሌ ላይ ነበር። ሆዱ ድቡልቡል፣ መስታወቱ ጥርት ያለ፣ ቅርጹ ራሱ ጌጥ ነው። ለጀማሪ ግን አልመክረውም። አንገቱ ረጅምና ጠባብ ስለሆነ መሣሪያው እንደ ልብ አይዞርበትም። ሆዱ ክብ ስለሆነ ደግሞ ውስጡ ያለውን አጣሞ ያሳያል፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ምሰሶ ከውጭ ሲታይ የጎበጠ ይመስላል። መስታወቱም ስስ ነው። «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» የሚባለው እዚህ ሥራ ላይ ቃል በቃል ይሠራል፤ ሽቦ ይዛችሁ ስትገቡና ስትወጡ ስትውሉ አንገቱን መምታታችሁ አይቀርም፣ አንዴ ከነቃ ደግሞ ውስጡ ያለው የሁለት ወር ሥራ አብሮት ሄደ። እጃችሁ ከለመደ በኋላ ግን ሞክሩት። የጀበና ማቶት ላይ ስታስቀምጡት አይንከባለልም፤ ሥራው ሲያልቅም እዚያው ማቶቱ ላይ ሆኖ በጣም ያምራል።

የቢራ ጠርሙስ በየቤቱ አለ። ችግሩ ቀለሙ ነው። ቡናማ የሚደረገው ብርሃን ቢራውን እንዳያበላሸው ነው። ለእኛ ግን የምንፈልገው ያንኑ ብርሃን ነው። ስለዚህ ለልምምድ ብቻ ተጠቀሙበት። በሽቦ አንድ ስንጥር አስገብታችሁ ማቆም፣ መልሳችሁ ማውጣት፣ እንደገና ማቆም። ቢሰበርም አያስቆጭም።

የወይን ጠርሙስ ላይ ትንሽ ልቆይ። 750 ሚሊ ሊትር የሚይዘው የተለመደው የወይን ጠርሙስ አፉ ከውስጥ 18.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቡሹ ልክ መሆን ስላለበት ከፋብሪካ ፋብሪካ ብዙ አይለያይም። ይሄ ትልቅ ጥቅም አለው፤ አንዱ ቢሰበርባችሁ የቆረጣችሁት እንጨት ሁሉ ለሌላው ይሆናል። አብዛኛው አረንጓዴ ስለሆነ ነጩን ፈልጉ። ታቹ ወደ ውስጥ ጉብ ያለ ነው። ጠርሙሱን አጋድማችሁ ከሠራችሁ ጉብታው ችግር የለውም። አቁማችሁ ከሠራችሁ ግን መሬታችሁ መሐሉ ኮረብታ ይሆናል። እኔ አንዱን ጉብታ በአፈር አልብሼ አምባ አደረግኩት፣ አናቱ ላይ ጎጆ አቆምኩ። አምባሰልን የሚያውቅ ሰው ሲያየው ወዲያው ይገባዋል።

የእኔ ምርጫ ምንድን ነው? ነጭ፣ አራት ማዕዘን የሆነ የአረቄ ወይም የጂን ጠርሙስ። ጎኑ ጠፍጣፋ ስለሆነ አያጣምምም። ሲጋደም አይንከባለልም፣ ምንም ማስደገፊያ አይፈልግም። መስታወቱም ወፍራም ነው። ቆራሌ ወይም ልዋጭ የሚሰበስቡ ልጆችን አስቀድማችሁ ብትነግሯቸው ይዘውላችሁ ይመጣሉ። አንድ አይነት የሆኑ ሦስት አራት ጠርሙሶች አንድ ላይ ግዙ።

ሰፊ አፍ ያለው የማር ወይም የማርማላታ ብልቃጥስ? ከልጆች ጋር ለሚሠራ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። እጅ ባይገባም ሁለት ጣት ይገባል። «እንዴት ገባ?» የሚለውን ጥያቄ ግን ማንም አይጠይቃችሁም። አምፖል ውስጥ የሚሠሩም አሉ። መስታወቱ እንደ እንቁላል ቅርፊት ስለሆነ ልጅ ባለበት ቤት አልደግፈውም።

ስትለኩ የአፉን ውጪ አትለኩ። ውስጡንም በማስመሪያ አትመኑ፤ አንዳንድ ጠርሙስ ከአፉ ወረድ ብሎ ይጠብባል፣ ያ ደግሞ ከላይ አይታይም። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። አንድ ዱላ ቢጤ እንጨት ጫፉን በቢላ ክብ አድርጌ እጠርባለሁ፤ አንገቱን አልፎ ሆዱ ጋ እስኪደርስ ድረስ እየፋቅሁ እሞክራለሁ። ምንም ሳይነካ ዝም ብሎ ሲያልፍ ያ የጠርሙሱ ልክ ሆነ ማለት ነው። እንጨቷን በክር ጠርሙሱ አንገት ላይ አስራታለሁ። ከዚያ በኋላ የምቆርጠውን ሁሉ ከእሷ ጋር አስተያያለሁ። የምትበልጥ ነገር ካለች አትገባም፤ ክርክር የለውም።

አጣጥፎ ማስገባት ወይስ ውስጥ መግጠም?

ዋናው ምርጫ ይሄ ነው።

አጣጥፎ ማስገባት የመርከብ ሠሪዎች ዘዴ ነው። መርከቡን ሙሉ በሙሉ ውጭ ትጨርሱታላችሁ። አካሉ ከአንገቱ ትንሽ ይቀጥናል። ምሰሶዎቹ ግን ሥራቸው ላይ በቀጭን ሽቦ እንደ በር ማጠፊያ ታስረው ወደ ኋላ ይተኛሉ። ከየምሰሶው ጫፍ ክር ይወጣል፣ በመርከቡ አፍንጫ ባለ ቀዳዳ አልፎ ወደ ውጭ ይረዝማል። ጠርሙሱ ውስጥ አስቀድሞ ባሕሩ ተሠርቷል። መርከቡ ተኝቶ ይገባል፣ ባሕሩ ላይ ይጣበቃል፣ ከዚያ ክሩን ቀስ ብላችሁ ስትስቡት ምሰሶዎቹ ይነሣሉ፣ ሸራው ይዘረጋል። ቀዳዳዋ ላይ ጠብታ ኮላ ታደርጉና ሲደርቅ ረጅም እንጨት ላይ በታሰረ የምላጭ ስባሪ ክሩን ትቆርጣላችሁ። ያቺ ምሰሶ የምትነሣበት ቅጽበት የሚሰጠው ደስታ ሌላ ነው።

ውስጥ መግጠም ደግሞ የግንበኛ ሥራ ነው። እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው ታስገቡና በሽቦ እያስተካከላችሁ ታጣብቃላችሁ። ቀርፋፋ ነው። አንድ ጎጆ ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ግን አንዱ ክፍል ቢበላሽ እሱን ብቻ አውጥታችሁ ትቀይራላችሁ። በማጠፍ ዘዴ አንድ ክር ውስጥ ከተበጠሰ መርከቡ ሁሉ ተኝቶ ይቀራል።

ብዙ ሰው ጠርሙስ ማለት መርከብ ይመስለዋል። ዓመተ ምሕረት ከተጻፈባቸው የጠርሙስ መርከቦች ጥንታዊ የሚባለው በ1784 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው፤ ጀርመን አገር ሉቤክ ከተማ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። ነገር ግን ከዚያ በፊትም መካከለኛው አውሮፓ ውስጥ የማዕድን ቁፋሮና የስቅለት ትዕይንት ክፍል በክፍል ጠርሙስ ውስጥ የሚገጥሙ ሰዎች ነበሩ። ከእነሱ አንዱ በ1674 እ.ኤ.አ. ጀርመን የተወለደው ማቲያስ ቡኺንገር ነው። ይህ ሰው ሲወለድ መዳፍም እግርም አልነበረውም። ክንዱ ጫፍ ላይ ባለው ነገር ብቻ እየተጠቀመ ነው ጠርሙስ ውስጥ አምሳያ የሠራው። እጄ ሲንቀጠቀጥብኝና ልተወው ስል እሱን አስባለሁ።

ይህን የማነሣው ጎጆና ቤተ ክርስቲያን መሥራት ከመርከብ ያነሰ ነገር እንዳይመስላችሁ ነው። እኛ አገር ባሕር የለም ብሎ የሚተው ሰው አጋጥሞኛል። ጠርሙሱ የመርከብ ርስት አይደለም። መርከብ ወይም ጀልባ ከወደዳችሁም ሐይቅ አለ፤ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበትን ቁራጭ ምድርና ከፊቱ አንዲት ጀልባ አድርጋችሁ አስቡት። አንድ ምሰሶ፣ አንድ ክር። የማጠፍን ዘዴ ለመማር ከሦስት ምሰሶ መርከብ አሥር እጥፍ ይቀላል።

የእኔ ምክር ይህ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ውስጥ መግጠምን ምረጡ፣ ጎጆ ሥሩ። ትዕግሥት ካላችሁ ግን ጣታችሁ ጥቃቅን ቋጠሮ የማይወድ ከሆነ እዚያው ቆዩ። ጥልፍ የምትጠልፉ፣ ሰዓት የምትጠግኑ፣ ክር የለመደ እጅ ያላችሁ ግን በቀጥታ ወደ ማጠፍ ብትሄዱ አታፍሩም።

ቤተ ጊዮርጊስን እንዴት እንዳስገባሁት

ስሌቱን ላሳያችሁ፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ከአንድ አለት የተፈለፈለ የመስቀል ቅርጽ ነው፤ ቁመቱ 12 ሜትር ያህል ነው፣ ስፋቱም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ይህን መስቀል ከላይ ብታዩት መሐሉ አንድ ካሬ፣ በአራቱም በኩል አራት ክንድ ነው። ስለዚህ አምስት አራት ማዕዘን ዓምዶች አድርጌ ልቆርጠውና ውስጥ ልገጥመው እችላለሁ ብዬ አሰብኩ።

የወይን ጠርሙስ ነበር የያዝኩት፤ 18.5 ሚሊ ሜትር። እያንዳንዱን ዓምድ 14 በ14 አድርጌ ቆረጥኩ። ከ18 ያንሳል፣ ይገባል ብዬ። አልገባም። አንድ አራት ማዕዘን እንጨት ክብ ቀዳዳ ውስጥ ሲገባ የሚከለክለው ጎኑ አይደለም፣ ማዕዘኑ ነው። ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ያለው ርቀት ጎኑ ሲባዛ በ1.41 ነው። 14 ሲባዛ በ1.41 ወደ 20 ሚሊ ሜትር ይመጣል። አምስቱንም እንደገና ቆረጥኩ፣ በዚህ ጊዜ 12 በ12። ማዕዘኑ 17 ሆነ፣ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ትርፍ ተረፈኝ። ሙሉው መስቀል 36 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 36 ሚሊ ሜትር ቁመት ሆኖ ወጣ፤ ከእውነተኛው አንጻር 1 ለ333 ገደማ ማለት ነው። ጣሪያው ላይ ያሉትን እርስ በርስ የተቀመጡ መስቀሎች ከወረቀት ቆርጬ፣ ወረቀቱን ጠቅልዬ አስገብቼ ውስጥ ዘረጋሁት።

አምስተኛውን ዓምድ ያስገባሁበት ምሽት መብራት ጠፍቶ ነበር። የስልኬን መብራት ከጠርሙሱ ታች አደረግኩና በአንገቱ በኩል ተመለከትኩ። ዓምዱን የቀርከሃ ስንጥር ጫፍ ላይ ባለች የሰም ቁራጭ አጣብቄዋለሁ። አንገቱን አለፈ። አራቱ መሐል ቀስ ብሎ ወረደ፣ ከዚያ ግማሹ ላይ ቆመ። ኮላው መድረቅ እንዳይጀምር ፈራሁ። ስንጥሩን በሁለት ጣት ትንሽ ሳሽከረክረው ዓምዱ ጠጥ ብሎ ታች ደረሰ። አንድ ጊዜ ሳዞረው ሰሙ ለቀቀ። ለካ ትንፋሼን ይዤ ነበር።

መሣሪያው

መቀስ የሚመስለው የሐኪም መቆንጠጫ ከሁሉም ቀድሞ የሚታሰብ ነው። ይይዛል፣ ሲይዝም ተቆልፎ ይቆያል። ጠባብ አንገት ላይ ግን ችግር አለው። መገጣጠሚያው አንገቱ ውስጥ ሲገባ ለመክፈት ቦታ ያጣል፤ አፉ ሁለት ሚሊ ሜትር እንኳ አይከፈትም። መገጣጠሚያው ወደ ጫፉ የቀረበ፣ እጀታው ረዥም የሆነ ካገኛችሁ ግዙት። ካላገኛችሁ ለሰፊ አፍ ብቻ ነው የሚሆነው። አጭሩ ወረንጦ ከጠርሙሱ ውጭ ለምትሠሩት ሁሉ ያስፈልጋችኋል፤ ውስጥ ግን አይደርስም።

ጋራዥ ውስጥ የወደቀ ብሎን የሚያወጡበት፣ ጫፉ ላይ ጥፍሮች ያሉት፣ ከላይ ሲጫኑት ጥፍሩ የሚከፈት ተጣጣፊ መሣሪያ አለ። አንድ ጓደኛዬ እሱን ብቻ ይዞ ጀመረ። የወደቀ ነገር ለማውጣት እውነትም ጎበዝ ነው። ነገር ለማስቀመጥ ግን አይሆንም፤ ተጣጣፊ ስለሆነ ጫፉ ወደፈለገው ይሄዳል። ጥፍሩ ሲከፈትም ጎን ያለውን ይገፋል። ኖሮ የሚጠቅም ነው፣ ብቻውን የሚበቃ አይደለም።

እኔ ዘጠና በመቶውን የሠራሁት በብስክሌት ቸርኬ ሽቦ ነው። ሁለት ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ ጠንካራ ብረት። ከብስክሌት ጠጋኞች የተጣለውን ብትጠይቁ ይሰጧችኋል። የጃንጥላ ሽቦም ሞክሬያለሁ፤ ይታጠፋል፣ ትንሽ ጫን ስትሉት ይጎብጣል። የልብስ መስቀያ ሽቦ ደግሞ ለማጠፍ ቀላል ነው፣ ግን ለስላሳ ስለሆነ ቅርጹን አይጠብቅም። ለአንድ ቀን ሥራ የሚሆን ልዩ ቅርጽ ሲያስፈልግ እሱን እጠቀማለሁ።

ከቸርኬ ሽቦው አራት አይነት ሥሩ። አንዱን ጫፉን በመዶሻ ጠፍጥፉትና በሞረድ አስተካክሉት፤ እንደ ትንሽ ማንኪያ አፈርና ኮላ ያስገባል። ሁለተኛውን በፒንሳ ዘጠና ዲግሪ እጠፉት፤ ለመግፋትና ለመጫን ነው። ሦስተኛው ጫፉ ትንሽ ቀለበት ይሁን፤ ክር ለመያዝ። አራተኛው እንደ ወስፌ የሾለ፤ ለመውጋትና ለማስተካከል። እጀታ አድርጉላቸው። የቀርከሃ ቁራጭ ወይም ያለቀ እስክሪብቶ ይበቃል። ያለ እጀታ ከሠራችሁ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጣታችሁ ያማችኋል፤ ያን ጊዜ ነው እጅ የሚስተው።

ወስፌ ካነሣሁ አይቀር፣ የጎረቤታችን እናት መሶብ ሲሰፉ አጠገባቸው ተቀምጬ ነው የሽቦ አያያዝ የተማርኩት። ወስፌው በጣት ሳይሆን በመዳፍ ነው የሚደገፈው፣ ጣት የሚመራው ብቻ ነው። «አብሽር፣ አትግፋው፣ አስገባው» አሉኝ። ለጠርሙስም ያው ነው።

የሰም ጫፍ ያለው ስንጥርን ከላይ ነግሬያችኋለሁ። ከጧፍ የተወሰደ ሰም በጣት ሞቅ አድርጋችሁ ስንጥሩ ጫፍ ላይ ለጥፉት። ቀላል ነገር ሁሉ ያነሣል፤ አዙራችሁ ትለቁታላችሁ። ክብደት ላለው ነገር አይሆንም። ማግኔትም ጠቃሚ ነው። ከተበላሸ ሬዲዮ ድምጽ ማጉያ የወጣ ማግኔት ከመስታወቱ ውጭ ሆኖ፣ ውስጥ ያለውን ትንሽ ምስማር የተሰካበትን ክፍል ይጎትታል። እኔ የምጠቀምበት ጥግ ውስጥ ለተደበቀ ነገር ብቻ ነው፤ አንዴ ማግኔቱ ባልታሰበ ፍጥነት ስቦት ግድግዳውን አፍርሶብኛል።

ኮላው

እዚህ ላይ አትደራደሩ።

ሱፐር ግሉ በሰከንድ ይይዛል፣ ስለዚህ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ነው። ጠርሙስ ውስጥ ግን ጠላት ነው። ሲደርቅ የሚለቀው ተን መውጫ ስለሌለው ተመልሶ መስታወቱ ላይ ያርፋል። ነጭ ብናኝ መስሎ ይቀራል። የሦስት ሳምንት ሥራዬን ጨርሼ ማታ አንዲት አጥር በሱፐር ግሉ አጣብቄ ተኛሁ። ጠዋት ሳየው ጠርሙሱ በሙሉ ጉም የገባበት ይመስላል። ጥጥ በሽቦ ጠቅልዬ፣ አልኮል ነክሬ ልጠርገው ሞከርኩ። የምደርስበት ቦታ ትንሽ ለቀቀ፤ ከጎጆው ጀርባ ያለው ግን እስከ ዛሬ እንዳለ ነው። ከጠርሙሱ ውጭ ለምትሠሩት ክፍል ተጠቀሙበት፤ ከማስገባታችሁ በፊት ግን አንድ ቀን ይናፈስ።

ነጩ የእንጨት ኮላ ለእንጨት፣ ለወረቀት፣ ለአፈር ሁሉ ይሆናል። ተን የለውም፣ ሲደርቅ ይጠራል፣ መስታወት ላይ ቢንጠባጠብ እርጥብ እያለ በውሃ ይጠረጋል። ጉድለቱ ቀርፋፋ መሆኑ ነው። ጠርሙስ ውስጥ አየር ስለማይዘዋወር ውጭ አንድ ሰዓት የሚፈጀው ውስጥ አንድ ሌሊት ይፈጃል። በቀን አንድ ሁለት ክፍል ብቻ አስገቡ። እንጨትን ከመስታወት ጋር ለማያያዝ ግን እምነት አይጣልበትም።

ለዚያ ሁለት ቱቦ ተቀላቅሎ የሚሠራው ኤፖክሲ ይሻላል። በአምስት ደቂቃ የሚደርቀውን ተዉት፣ አስገብታችሁ ሳታስተካክሉ ይይዝባችኋል። ቀስ ብሎ የሚደርቀውን ውሰዱ። የመስኮት ሲሊኮንም መስታወት ላይ አጥብቆ ይይዛል፤ ኮምጣጤ የሚሸተው አይነት ከሆነ ግን ያ ሽታ አሲድ ነው፣ ሙሉ በሙሉ ደርቆ ሽታው እስኪጠፋ ጠርሙሱን አትዝጉት። ማስቲሽ ደግሞ ክር ይስባል፤ አንገቱንና ግድግዳውን በሙሉ የሸረሪት ድር ያደርገዋል። ሽታውም ለጤና ጥሩ አይደለም። ለጫማ ሠሪ ይሁን።

መሬቱ፣ ውሃውና እንጨቱ

ለመሬት ብዙ ሰው ጀሶ ያፈሳል። እኔም አፍስሻለሁ። ጀሶ ብዙ ውሃ ይዞ ነው የሚገባው፣ ያ ውሃ በጠባብ አንገት ለመውጣት ሳምንታት ይፈጅበታል፤ እስከዚያ መስታወቱ ያላብና ኮላው ይለሰልሳል። ከዚያ ይልቅ ቀላ ያለ አፈር ነፍታችሁ፣ ምጣድ ላይ በደንብ አመሳችሁ አድርቁትና በስሱ በተቀባ ነጭ ኮላ ላይ በሽቦ ማንኪያ በትኑት። ለላሊበላ አለት ከዚህ የተሻለ ቀለም አላገኘሁም።

ለውሃ ፕላስቲሊን ወይም ሰም። ፕላስቲሊን በትንንሹ እያስገባችሁ ትጫኑታላችሁ፣ ማዕበል ለመቅረጽ ይመቻል፤ እያደረ ግን አንዳንዱ ቅባት ይለቅና መስታወቱን ያወዛዋል። የንብ ሰም ከ60 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ሲል ነው የሚቀልጠው፤ ቀልጦ ሲፈስ ልክ እንደ ረጋ ሐይቅ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ውበቱ ሌላ ነው። ግን ቀዝቃዛ ጠርሙስ ላይ ትኩስ ሰም ካፈሰሳችሁ መስታወቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ጠርሙሱን አስቀድማችሁ ፀሐይ ላይ አሙቁት፣ በስሱ እየደጋገማችሁ አፍስሱ። ለማዕበል ፕላስቲሊን፣ ለሐይቅ ሰም።

እንጨት ላይ አልቆይም። ቀርከሃ ለምሰሶና ለማገር፤ ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል፣ አይጣመምም። ስቴኪኒ ለአጥር። ባሕር ዛፍ በደንብ ካልደረቀ አትንኩት። ለጎጆ ክዳን ደግሞ ስንደዶ ነው ምርጫው። ከመሶብ ሥራ የተረፈ ቁርጥራጭ ይበቃል፤ በሁለት ሳንቲ ሜትር ቆርጣችሁ ከታች ወደ ላይ እየደረባችሁ ትለጥፉታላችሁ፣ ልክ እውነተኛው ጎጆ እንደሚከደነው። ለሸራ የምትፈልጉ ከሆነ ስስ ወረቀት ይታጠፋል፣ ይዘረጋልም። ለንደን ትራፋልጋር አደባባይ ላይ በ2010 እ.ኤ.አ. ቆሞ የነበረው ግዙፉ የጠርሙስ መርከብ ሸራው የአፍሪካ ጥለት ያለው ጨርቅ ነበር፤ እኔም ከዚያ ወስጄ ከአሮጌ ነጠላ ጥለት ላይ ሸራ ቆርጫለሁ። ጨርቅ ግን ወፍራም ነው፣ አንገቱ ሰፋ ካለ ብቻ። ክሩን ከማሰራችሁ በፊት ሰም ላይ ሁለት ጊዜ ጎትቱት፣ ጸጉሩ ይተኛል፣ ቋጠሮውም አይፈታም።

መቼና በምን ልዝጋው?

ደሴ ክረምት ላይ ጠርሙስ አትዝጉ። ከሰኔ እስከ መስከረም ጉሙ ቤት ድረስ ነው የሚገባው፣ እንጨቱም አፈሩም ያንን እርጥበት ይጠጣል። ዘግታችሁ በኅዳር ፀሐይ ሲያገኘው እርጥበቱ ወጥቶ መስታወቱ ላይ ጠብታ ይሆናል። ኮምቦልቻስ? ሙቀት ስላለ ቶሎ ይደርቃል፣ ለሥራ ይመቻል። ነገር ግን እዚያ በሞቃትና እርጥበት ባለው ቀን የዘጋሁትን ጠርሙስ በሐረጎ ዳገት ይዤ ደሴ ስገባ ውስጡ ተንፍሶበት አገኘሁት። ሞቃት አየር የያዘው ውሃ ሲበርደው ወደ መስታወቱ ይመጣል። 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው ርቀቱ፤ የከፍታው ልዩነት ግን ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ጠርሙሱ የሚቀመጥበት ከተማ ውስጥ፣ ደረቅ በሆነ የበጋ ቀን ዝጉት።

የብረት ቆርኪ፣ የራሱ ጠመዝማዛ ክዳን ወይስ ቡሽ? ቡሽ ይሻላል። ያምራል፣ እንዳስፈለገም ይወጣል። ሥራው እንዳለቀ ግን በስስ ጨርቅ ብቻ ሸፍናችሁ ለአንድ ወር አቆዩት። ከዚያ ቡሹን ላላ አድርጋችሁ ክተቱና ጠርሙሱን ለአንድ ሌሊት ቀዝቃዛ መስኮት ላይ አሳድሩት። ጠዋት መስታወቱ ላይ ላብ ካለ አውጥታችሁ ሌላ ሁለት ሳምንት ክፍት ይሁን። ጥርት ብሎ ካደረ ቡሹን እስከ መጨረሻው ግፉትና ዙሪያውን የቀለጠ ሰም አፍስሱበት።